የዘበኛው ጋቢ

ዓይኔን ለመታከም አዲስ አበባ ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። ሳሎናቸው ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ኢንተርኔቱን ለቤቱ ሁሉ የምታድል መዳፍ የምታህል ነጭ ሣጥን አለች። ገመድ የላትም ለማለት ምንም አይቀራት፤ ሁሉም በየክፍሉ ተኝቶ በስልኩ ይጠቀማል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ሳንጎላጅ አንድ ሽታ መጣብኝ። የሞቀ አቧራና የሞቀ የጥጥ ክር ሽታ ነው። ያን ፍጥነት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ በባዶ እግሬ ብድግ ብዬ ሣጥኗ ላይ የተነጠፈውን ዳንቴል መንጭቄ ወለሉ ላይ ጣልኩት። ላዩ ላይ የነበረው የአበባ ማስቀመጫም አብሮ ወርዶ ተሰበረ።

ምራቴ ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች። “አባባ፣ ምን ሆኑ? ምን አዩ?”

“ይታፈናል” አልኳት።

“ማን ነው የሚታፈነው?”

በጣቴ ሣጥኗን አሳየኋት። ዳንቴሉ እናቷ ለሰርጓ የሠሩላት ነበር። ልጅቷ ስብርባሪውን ለቅማ፣ ዳንቴሉን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና “ይቅርታ አባባ፣ አላወቅኩም ነበር” አለችኝ። ሰባሪው እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ። ያቺ “አላወቅኩም ነበር” የምትለው ቃል ደረቴ ላይ ቀረች። ወደ አምቦ ስመለስ ጊንጪ ላይ መውረድ እንዳለብኝ ያን ዕለት ቁርጤን አወቅኩ።

ጊንጪ ማለት ለእኔ ለብዙ ዓመታት የማልወርድበት ከተማ ነው። አውቶቡሱ ቆሞ ሴቶቹ ድንችና ሽንኩርት በፌስታል ይዘው መስኮት ለመስኮት ሲጋፉ፣ ሌላው ተሳፋሪ ዋጋ ሲከራከር፣ እኔ ጋዜጣዬን ፊቴ ላይ እዘረጋለሁ። ጋዜጣ ያልያዝኩ ዕለት የተኛሁ እመስላለሁ። እዚያ ከተማ አንዲት ሴት አሉ፤ ከእሳቸው ዓይን ጋር መገናኘት አልፈልግም ነበር። ወደ እሳቸው ከመድረሴ በፊት ግን ስለዚያ ዘመን ላውራ። ሰውዬው ወሬ ያበዛል ካላችሁኝ እውነታችሁን ነው፤ ወደሚያመው ቦታ በቀጥታ መሄድ አልለመድኩም።

የሒሳብ መምህርነቴን ትቼ ኢንተርኔት ቤት የከፈትኩት አምቦ ውስጥ ባጃጅ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው። ከመናኸሪያ ዕቃ የሚያደርሰው ጋሪ ነበር፤ ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ የክር ጉንጉን ይታሰርላቸዋል። ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ኦቦ ደበላ የሚባሉ ሰው ድሮ ዳቦ ቤት የነበረች ክፍል አከራዩኝ። ግድግዳው ዳቦ ዳቦ ይሸት ስለነበር ደንበኛ ሁሉ ሲገባ ይርበዋል፤ ጎረቤታችን ያለው ሻይ ቤት በዚህ ተጠቀመ። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ነበር፣ ቦምቦሊኖ ከዚያ ትንሽ ፈንጠር ይላል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ አንድ በኦሮምኛ አንድ በአማርኛ እያፈራረቀ ያስጮኸዋል፤ ካሴቱን ጨርሶ ወደ ሲዲ የዞረበት ጊዜ ነው። ሴቶቹ ልጆች ከእምብርት በላይ የሚቀር ቦዲ፣ ወንዶቹ ከወገብ የሚንሸራተት ሰፊ ጂንስ ይለብሳሉ። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ፍላሽ ዲስክ በማንገቻ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚንጎማለሉት ነበሩ። ውስጡ ባዶ ይሁን ሙሉ ማን ያውቃል? ማተብ ያላሰረው የጴንጤ ልጅ ሳይቀር እሱን አስሮ ይሄድ ነበር።

መጀመሪያ መስመራችን በስልክ የሚደወል ነበር። ሞደሙ እንደታነቀ ዶሮ ሲጮህ ቆይቶ ከተገናኘ ተገናኘ ነው። ከውጭ አገር የተላከ ፎቶ ከግንባር ጀምሮ ቁልቁል ቀስ እያለ ይወርዳል፤ አፍንጫው ሳይደርስ ሂሳቡ ይደርሳል። አሮጊቶች ልጃቸውን በግንባሩ ብቻ አውቀው “እሱ ነው፣ ይበቃኛል” ብለው ከፍለው ሲወጡ አይቻለሁ። አሁን የልጅ ልጄ አንድ ፊልም በዓይን ጥቅሻ አውርዳ “ዘገየብኝ” ስትል “ያኔ የነበሩትን ሰዎች ባየሻቸው!” እላታለሁ፤ አትሰማኝም።

ኋላ ፈጣኑ መስመር መጣ። መጣ ሲባል ግን የመጣው ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ ደንበኛ የሚቀመጥባቸው ስምንት ነበሩን። መስመሩን ተቀብሎ ለሁሉም የሚያድለው ራውተር የሚባለው ዕቃ ውድ ነው፤ ቢገኝም አዲስ አበባ ነው። በዚህ ሥራ ያሉ ሰዎች ያኔ የሚያደርጉት ታዲያ እንዲህ ነበር። አንድ ተራ አሮጌ ኮምፒውተር ይወስዱና ሁለት የኔትወርክ ካርድ ይሰኩበታል። አንደኛው ወደ መስመሩ፣ ሌላው ወደ ቤቱ ይዞራል። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፤ ፕሮግራሙ ባለበት በአንዲት ፍሎፒ ዲስክ ይነሳና ሌት ተቀን እየሠራ የውጩን ወደ ውስጥ፣ የውስጡን ወደ ውጭ ያሳልፋል። እኔም ከመጽሐፍ እያነበብኩ፣ ስሳሳት እየደገምኩ፣ ጡረታ ልትወጣ የደረሰች አንዲት ፔንቲየም እንደዚያ አድርጌ ጥግ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። ስምንቱም ባንዴ ሲሠሩ የተሰማኝ ደስታ ልጄ ሲወለድ ከተሰማኝ ብዙም አያንስም፤ ባለቤቴ ይህን ባታነብ ደስ ይለኛል። ያቺን ማሽን “ዘበኛው” አልናት። በር ላይ ቆሞ ገቢና ወጪውን የሚያሳልፍ እሱ ነውና ስሙ ጸናበት።

አዴ ጫልቱ በኦቦ ደበላ ግቢ በስተኋላ ባለችው ክፍል ከአንዲት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ባላቸው ገና በወጣትነታቸው ሞቶባቸዋል። ኢንተርኔት ቤታችንን ያጸዳሉ፣ ወረፋም ያስከብራሉ። ከበሩ አጠገብ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ኪሮሻቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ዓይናቸውን ከክሩ ሳይነቅሉ “አንተ ከእሷ ኋላ ነህ” ሲሉ የሚከራከራቸው የለም። ለስምንቱም ስክሪን ዳንቴል ሠርተውላቸዋል፤ ማታ ማታ እያንዳንዱን ሸፍነው፣ “በኢየሱስ ስም እደሩ” ብለው ነው በሩን የሚዘጉት። ያኔ እኮ ያልተሸፈነ ዕቃ እንደ ራቁት ሰው ነበር። ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮኑ፣ ስልኩ ሁሉ ዳንቴል ነበረው። ዕቃህን አለመሸፈን ባለቤት የሌለው ቤት ያስመስልሃል።

ዘበኛው የመጣ ሰሞን አዴ ጫልቱ ፊት ለፊቱ ቆመው ብዙ ሲያስተውሉት ቆዩ።

“ባርሲሳ፣ ይሄ ደግሞ ፊቱ የታለ?” አሉኝ። ባርሲሳ መምህር ማለት ነው፤ ትምህርት ቤቱን ብለቅም እሳቸው ስሜን አልለቀቁልኝም።

“እሱ ዘበኛ ነው አዴ ጫልቱ። ፊት አያስፈልገውም። ሌሎቹን ያሳልፋል።”

“ሌሊትስ?”

“ሌሊትም አይተኛም።”

“ማሎ!” አሉ፤ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው። “ታዲያ ዘበኛ ያለ ጋቢ ያድራል?”

ሳቅን። እሳቸው ግን አልቀለዱም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነጭ ዳንቴል ሠርተው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ “የዘበኛው ጋቢ ነው” ብለው ሰጡኝ። ዕቃው አየር እንደሚፈልግ፣ ከኋላው ያለችው ማራገቢያ ሙቀቱን የምታወጣው በዚያ ክፍተት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ለአንድ ስጦታ “አያስፈልግም” የሚል ምላስ ከየት ይመጣል? ያን ሁሉ ምሽት ክር ሲጎትቱ ኖረው! “ገለታ” ብዬ ተቀበልኩና አለበስኩት። ዳንቴሉ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ስለነበር ሌሊት በአምቦ ብርድ ምንም አይሆንም። ጠዋት ጠዋት ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ አነሳዋለሁ፤ ቀን ፊታቸውን ወደ ወረፋው አዙረው ስለሚውሉ ልብ አይሉትም፤ ማታ እሳቸው ሊሸፍኑ ከመምጣታቸው በፊት መልሼ አለብሰዋለሁ። “ቀን ቀን ይሞቀዋል” ማለት ምን ይከብድ ነበር? ሦስት ቃል ነው። ከእሳቸው ጋር ድብብቆሽ እንደሚጫወት ልጅ ግን በየቀኑ ሳነሳና ሳለብስ ኖርኩ። ጨዋነት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ልጃቸው ለሊሴ ነርስነት ተምራ የጨረሰች ዓመት ውጭ አገር የሚገኝ የነርሶች ትምህርት ቤት ማመልከቻዋን አይቶ ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት በድምፅ ነው። ካለፈች መማሪያውም መኖሪያውም በእነሱ ነው። ግቢው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ሆነ። ኦቦ ደበላ እንኳን ኪራይ ሊቀበሉ ሲመጡ ልጅቷን በእንግሊዝኛ “ሃው አር ዩ” እያሉ ያለማምዷት ነበር፤ የሚያውቁት ያችኑ ስለሆነ ደጋግመው።

ቀጠሮው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በገበያ ቀን ዋለ። ወረፋ ይዘው የነበሩት ደንበኞች ማንም ሳይነግራቸው ተነሱ። “መስመሩ ለእሷ ይሁን” ብለው ሰባቱንም ማሽኖች ለቀው በር ላይ ቆሙ። አንዱ ሙዚቃ ቤቱ ሄዶ ድምፁን አስቀነሰ። ለሊሴ የተበደረችውን ጥቁር ኮት ለብሳ፣ ጸጉሯን ወደኋላ ተሠርታ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። አዴ ጫልቱ በርጩማቸው ላይ ናቸው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይጸልያሉ።

ዘወር ስል ዘበኛውን አየሁት። አዲስ ጋቢ ለብሷል። አዴ ጫልቱ ለዚያ ቀን ክብር ብለው ከወፍራም ክር ቀዳዳ የሌለው አድርገው የሠሩት፣ በስታርች የደረቀ፣ ዳርና ዳሩ እስከ መደርደሪያው የወረደ። ጠዋት ያነሳሁት አሮጌውን ነበር፤ እሳቸው ከምሳ በኋላ አዲሱን አልብሰውታል። ሄጄ እጄን ጫንኩበት። ይሞቃል። ዳሩን ያዝኩት። ቀና ስል አዴ ጫልቱ ከበሩ ሆነው እያዩኝ ፈገግ አሉ፣ “አማረበት?” የሚሉ ይመስላሉ። ዳሩን አስተካክዬ ለቀቅኩት። ለአንዲት ሰዓት ምን ይሆናል ብዬ ነው።

ለሊሴ ጥሩ እየመለሰች ነበር። እንግሊዝኛዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ። በማዳመጫው ውስጥ አንዲት ሴት ስትስቅ ለእኔም ተሰማኝ። ያኔ ሽታው መጣ። ሞቅ ያለ የአቧራና የክር ሽታ። ከመቀመጫዬ ሳልነሳ “ሄሎ?” አለች ለሊሴ። “ሄሎ? ካን ዩ ሂር ሚ?” ወደ እኔ ዞረች። አምፖሉ በርቷል፣ መብራት አልሄደም። ዘበኛው ግን ጸጥ ብሏል።

ጋቢውን ገለጥኩት። ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ። ፍሎፒውን ነቅዬ ሌላ ማሽን ላይ ልሞክር አልኩ፣ ካርዶቹን ፈታሁ፣ እጄ ተቃጠለ፤ አንደኛው ካርድም፣ በዚያው ጋቢ ሥር የነበረው የመስመሩ ሞደምም አብረው ሞተዋል፣ ሌላ ትርፍ የለኝም። ለሊሴ ኮቷን እንደለበሰች ባዶውን ስክሪን ታያለች። በር ላይ ያሉት ሰዎች አንገታቸውን አስግገዋል። አዴ ጫልቱ ተነስተው ቆመዋል፤ ኪሮሻቸው እጃቸው ላይ ነው። “ምን ሆኖ ነው ባርሲሳ?” አሉኝ።

“መስመሩ ነው” አልኩ። “ከላይ ነው የተቋረጠው።”

ያን ዘመን ይህን ቃል የማያምን ሰው አልነበረም። ሰዉ ሁሉ መስመሩን ረገመ፤ እኔም አብሬ ረገምኩ። ጋቢውን አጣጥፌ ለአዴ ጫልቱ ሰጠኋቸው፤ አቧራ ነክቶታል አልኩ፣ ሊያጥቡት ወሰዱት። ሰኞ ከአዲስ አበባ ዕቃ አስመጥቼ መስመሩን ስመልስ የትምህርት ቤቱ መልስ መጥቶ ነበር። እንዳዘኑ፣ ቦታው በሌላ ሰው እንደተያዘ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንድትሞክር ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ያ ዕድል ራሱ ቀረ። ለሊሴ ጊንጪ ጤና ጣቢያ ተመደበች፣ አገባችም፤ እናቷንም ወሰደች።

ያ ጋቢ ተመልሶ አልመጣም። እኔም አልጠየቅኩም። አዴ ጫልቱ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ፣ ጊንጪ እስኪሄዱ ድረስ፣ በር ላይ ሲቀመጡ እጃቸው ባዶ ነበር። “ኪሮሹስ?” ስላቸው “ዓይኔ ደከመ” አሉኝ። ማመኑ ስለተመቸኝ አመንኩ። ደግ ነገር ያደረግኩ ይመስለኝ ነበር እኮ! እናት በገዛ እጇ ሥራ የልጇን ዕድል እንዳቃጠለች ከማወቅ አዳንኳት እያልኩ ራሴን አሞካሽ ነበር። እንግዲያውስ ጊንጪ ላይ ፊቴን የሚያስሸፍነኝ ምን ነበር?

ኢንተርኔት ቤቱን ከዘጋሁ ቆይቷል። ሁሉም ኢንተርኔቱን በኪሱ ይዞት ሲዞር ማን ወረፋ ይይዛል? ዳቦ ቤቷ አሁን የስልክ ቀፎ መሸጫ ናት። ገባ ብዬ አሸተትኩት፤ የዳቦው ሽታ የለም።

እና ጊንጪ ወረድኩ። አንዲት ፌስታል ብርቱካን ገዝቼ ጤና ጣቢያው ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ሲስተር ለሊሴን የማያውቅ የለም። ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች “ባርሲሳ!” ብላ ተጠመጠመችብኝ። ወፍራለች፣ ድምፅዋ የአዛዥ ድምፅ ሆኗል። ለምሳ ቤቷ ወሰደችኝ፤ ቤቷ መንገድ ዳር ነው፣ መስኮቱ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበትን ያያል።

አዴ ጫልቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። “አካም ጅርቱ ባርሲሳ” አሉኝ፤ ትናንት የተለያየን ያህል። ዓይናቸው ደህና ነው፣ ከምስሩ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት ያወጣሉ። ቤቱን ቃኘሁ። ያን ሁሉ የመንገድ አቧራ በሚጠጣ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ራቁቱን፣ ፍሪጁ ራቁቱን፣ የሶፋው መደገፊያ ራቁቱን ነው። አንድም ዳንቴል የለም። ለሊሴ ከአንገቷ ሻርፗን አውልቃ የቴሌቪዥኑ ሪሲቨር ላይ ጣል አደረገችው።

“አንሺው” አሏት ቀና ሳይሉ። “ይተንፍስበት።”

የብርቱካኑን ፌስታል መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ለሊሴ እየሳቀች ሻርፗን አነሳችው፤ “እማዬ ስለ ዕቃ እንደ ሰው ነው የምታዝነው” አለችኝ። ምሳ በላን፣ እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሁለታችን ቀረን።

“አዴ ጫልቱ፣ ያን ቀን…” አልኩ።

“መስመሩ አልነበረም” አሉ።

“መቼ አወቁ?”

“ያኑ ዕለት። ላጥበው ውኃ ውስጥ ስነክረው መሐሉ ቡኒ ሆኗል፤ ስነካው ክሩ እጄ ላይ ረገፈ። እርስዎ ለእኔ ብለው እንደዋሹ ገባኝ። ታዲያ ምን ልበል? ዝም አልኩ። ለሊሴም እስከ ዛሬ አታውቅም። ኪሮሹን ቀበርኩት፣ እውነቴን ነው፣ ጓሮ ውስጥ።”

“ጥፋቱ የእኔ ነው። እንደሚሞቅ ነክቼ አውቄ ነበር።”

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። “ነክተውት ነበር?”

“አዎ። እርስዎ ይከፋዎታል ብዬ ተውኩት።”

ውጭ አውቶቡስ ቆመ፣ ሴቶቹ ተንጫጩ። “ከዚህ መስኮት አይዎታለሁ” አሉ በመጨረሻ። “ጋዜጣ ይዘው ያልፋሉ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ዛሬ ይወርድና ይቆጣኛል እላለሁ። ያን ቀን ቢቆጡኝ እኮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር ባርሲሳ። ጥፋቴን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ እርስዎ ደግሞ ጊንጪ አይወርዱም። ማን ይቅር ይበለኝ? ስጸልይ እንኳን ከእርስዎ ሳልጨርስ ወደ ጌታ መሄድ ያሳፍረኛል።”

ትሪውን ወደ ጎን አደረጉና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

“አሁን ይቆጡኝ” አሉ።

“ተዪኝ እባክዎ አዴ ጫልቱ…” ብዬ አንደበቴም ተደናገረ።

“ይቆጡኝ አልኩ!”

እንደ ድሮ መምህርነቴ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። “ለምን ሸፈኑት?” አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት፤ “ዕቃው አየር እንደሚፈልግ አያውቁም ነበር? ለምን ሸፈኑት!”

“አልነገሩኝማ!” ብለው ጮኹብኝ። ደማቸው ፊታቸው ላይ ወጣ፣ ጉልበታቸውን መቱ። “በየቀኑ ከእኔ ጋር እየዋሉ! መቼ ነገሩኝ?”

ከዚያ በተናገሩት ነገር ራሳቸው ደንግጠው አፋቸውን ያዙ፤ ይህን ቃል አንድም ቀን ለራሳቸው ብለውት እንደማያውቁ ፊታቸው ላይ አየሁ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ግን ከእኔ ላይ አላነሱትም፤ መልሴን ይጠብቃሉ።

“አልነገርኩዎትም” አልኳቸው።